ኢፍቱ የተለወጠችበት ዓመት

ድሬዳዋ ውስጥ፣ በተለይ በእኛ ሰፈር፣ ሰው የጨበጠውን ሰጥቶ ገና የሚመጣውን ሲቀበል የሚነገር አንድ አባባል አለ። የምትሠራ መኪናውን ሸጦ ባዶ መሬት ለገዛ ይባላል፤ ደህና ሥራውን ለቆ ትምህርት ቤት ለገባ ጎልማሳም ይባላል። አንዱ እንደ ስድብ ይሰማዋል፣ ሌላው እንደ ምክር። እንግዳ ሰው ደግሞ ከአዝመራ መሐል የተገኘ ይመስለዋል። ያወጡት ሽማግሌ በእርግጥ ገበሬ ነበሩ። አባባሉ የተወለደው ግን ከአንድ ዱቄት ፋብሪካ ጓሮ፣ ሲሚንቶው በፀሐይ በተሰነጣጠቀ ሜዳ ላይ፣ በሴቶች ቅርጫት ኳስ ሰበብ ነው።

ዘመኑ ባቡር በየቀኑ የሚያፏጭበት ነበር። ፋብሪካው የራሱ የስፖርት ቡድን ነበረው፤ ሕዝቡ በአጭሩ «ዱቄት» ይለዋል። አሰልጣኙ ሲራክ የሚባል የወፍጮ መካኒክ ነበር፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከማሽን ጋር ሲታገል ይውልና፣ የእጁን ግራሶ በሳሙና ፈግፍጎ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ ይወጣል። ለዚህ የሚከፍለው የለም። እሱ ግን ከመካኒክነቱ ይልቅ በአሰልጣኝነቱ ይኮራ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚኮራው ሩቅ በማየቱ ነው። «ሰው ዛሬን ነው የሚያየው፤ እኔ የዛሬ አምስት ዓመትን» ይል ነበር። እውነትም ማሽን ከመሰበሩ በፊት በድምፁ ያውቃል።

ቡድኑን ቡድን ያደረገችው ግን ኢፍቱ ናት። ኢፍቱ አሜ ጆንያ ስፌት ክፍል የምትሠራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት ረጅም ሴት ነበረች። ረጅም ሴትማ ሞልቷል። ኢፍቱን ልዩ ያደረጋት፣ ቦርድ ነክታ የምትመለስ ኳስ የት እንደምትወድቅ ቀድማ ማወቋ ነው። ሌሎቹ ሲያንጋጥጡ እሷ ቦታው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ኳሷም የተጠራች ይመስል እጇ ላይ ትመጣለች። ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን ጥላ ሥር አቁመው፣ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩዋት ነበር። ገበያተኛው ሳይቀር «ዛሬ ኢፍቱ አለች?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ዛሬ ጨዋታ አለ?» ብሎ አይጠይቅም።

በኢፍቱ ጊዜ ዱቄት የከተማውን ዋንጫ አራት ጊዜ ወሰደ። የአገሪቱ ሻምፒዮና ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጮራ የሚባል የአዲስ አበባ ቡድን ነበረ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ለዋንጫ ከዱቄት ጋር ተገናኘ፣ ሦስቱንም ጊዜ አሸነፈ። ኢፍቱ ሃያ አምስት ነጥብ ታገባለች፤ ሌሎቹ ተደምረው ሃያ አያገቡም። በሦስተኛው ሽንፈት ሲራክ ተጫዋቾቹ ልብስ እስኪቀይሩ ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ኢፍቱ በቀዝቃዛ ውሃ የነከረችውን ፎጣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ በበሩ ክፍተት አያት። ያን ጊዜ ሩቁ ታየው። ሦስት ዓመት፤ ቢበዛ አራት። ከዚያስ?

የጮራ ቡድን መሪ አቶ ምንውዬለት ያንኑ ቀን ሻይ ጋበዘው። ሰውዬው ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከሲራክ ጋር በየሻምፒዮናው የሚተዋወቅ ነው።

«ሲራክ፣ ልጅቷን ስጠኝ» አለው፣ ስኳሩን እያማሰለ።

«ኢፍቱን? ምን ልሁን ብዬ!»

«ስማኝ። እኔ የጎደለኝ አንድ ሰው ነው፤ መሐል ላይ የሚቆም። አንተ የጎደለህ ነገ ነው። ሦስት ልጆች እሰጥሃለሁ፤ ከታዳጊዎቼ ምርጦቹን። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናቸው ነው። እሱ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ታዳጊ ስንመለምል አንተ መጥተህ ሁለት ትመርጣለህ። ከእኔ በፊት! በጽሑፍ አደርግልሃለሁ።»

ሲራክ ሳይጠጣው ሻዩ ቀዘቀዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ግን ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለው፤ ሩቅ የሚያይ ሰው በመጨረሻ ሩቅ የሚያይ ሰው ያገኘ መሰለው። አንድ ሰጥቶ አምስት መቀበል! ኢፍቱ ሠላሳ ሲሞላት እነዚያ ልጆች ሃያና ሃያ አንድ ይሆናሉ። ባቡሩ ላይ ሌሊቱን ሙሉ በልቡ እየደረደራቸው መጣ። ሥራ አስኪያጁም ብዙ አልጠየቀውም፤ «አንተ ካልክ ይሁን» ብሎ መልቀቂያውን ፈረመ።

ለኢፍቱ የነገራት ማህተሙ ከተመታ በኋላ ነው። ጆንያ ስፌት ክፍል ገብቶ ከማሽኗ አጠገብ ቆመ። እዚያ ክፍል ውስጥ ካልጮኹ አይሰማም፤ ስለዚህ ጮኸ።

«አዲስ አበባ ልትሄጂ ነው! ጮራ ጠይቆሻል!»

ኢፍቱ ማሽኗን አጠፋች። «መቼ ጠየቀኝ?»

«እኔን ነው የጠየቀው።»

«አንተስ ምን አልክ ጋሼ?»

«እሺ አልኩ። ለአንቺም ይሻልሻል፤ የቢሮ ሥራ ይሰጡሻል። እዚህ አቧራ ስትውጪ...»

«በማን ለወጥከኝ?»

ሲራክ ይህን ቃል አልጠበቀም። «በሦስት ልጆች» አለ። «ለከርሞ ደግሞ ከታዳጊዎቻቸው ሁለት እኛ ቀድመን እንመርጣለን።»

«አሃ። ገና ባልታየ ሰው ጭምር ነዋ።» ቀጥላም፣ «ልጆቹ የት ነው የሚያድሩት?» አለችው።

«ፋብሪካው ያስብበታል።»

ኢፍቱ ማሽኗን መልሳ አስነሳች፤ የጀመረችውን ጆንያ ሰፍታ፣ ክሩን ቆርጣ፣ ሌላ ጆንያ አነሳች። ሲራክ ትንሽ ቆሞ ወጣ። በሳምንቱ ለገሃር ላይ ግማሹ ሰፈር ሊሸኛት ወጥቶ ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ጋሪ ነጂዎቹ ጨፈሩ። ሲራክ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ እጁን አውለበለበ፤ አይታው እንደሆነ አላወቀም።

ልጆቹ በወሩ መጡ። የሺመቤት እንደ ሸንበቆ የረዘመች፣ እጅና እግሯን የት እንደምታደርገው የሚቸግራት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ሐረገወይን አጭርና ፈጣን፣ ሳቅ የማያጣት። ሦስተኛዋ ሎሚ ናት፤ ከሦስቱ ትንሿ፣ ቃል የማይወጣት፣ እጇ ግን ኳስ የለመደ። ፋብሪካው ያሰበበት ነገር ከወፍጮው ጀርባ ያለ የአሮጌ ጆንያ መጋዘን ሆኖ ተገኘ። ሦስት የብረት አልጋ ገባበት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የድሬን ቆርቆሮ ግለት ደግሞ በሚያዝያ ያላደረበት አያውቀውም። ምሳ ከሠራተኛው ጋር ይበላሉ። እራታቸውን ማን እንደሚሰጣቸው ማንም ለማንም አልተናገረም።

የግቢው ጥበቃ አባባ ቦሩ የመጀመሪያ ቀን ሻንጣቸውን ተሸክመው አስገቧቸው። እርሻቸውን ትተው ከግራዋ ተራራ ወርደው ጥበቃ የሆኑ፣ ቀልድ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ወጥተው ለሲራክ፣ «ልጆቹ ውሃ የት እንደሚቀዳ ጠየቁኝ» አሉት።

«ያሳዩዋቸዋ፣ አባባ።»

«አሳየኋቸው። አንተን ግን አልጠየቁህም።»

ሲራክ ፈገግ ብሎ አለፈ። እሱ ያንጊዜ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ የዛሬ አራት ዓመት ላይ።

ሥልጠናው እንደ ድሮው ቀጠለ፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። አጨዋወቱም እንደ ድሮው ነው። ሲራክ ሰባት ዓመት የጮኸውን ጩኸት አሁንም ይጮኻል፤ «ከፍ አድርጋችሁ ወደ መሐል!» ኳሷ ከፍ ብላ ወደ መሐል ትሄዳለች። መሐል ላይ ግን ኢፍቱ የለችም። የሺመቤት ትዘላለች፣ ኳሷ ጣቷን ነክታ ታመልጣለች፣ ተጋጣሚ ይዞ ይሮጣል። መጀመሪያ በአሥር ነጥብ ተሸነፉ፣ ከዚያ በሃያ። የከተማውን ዋንጫ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቡድን ወሰደው። አጥሩ ላይ ይንጠለጠሉ ከነበሩት ጋሪ ነጂዎች አንዱ፣ ሞገስ የሚሉት፣ ጨዋታው መሐል ጮኾ፣ «አቦ ሲራክ! ዕቃው አልሠራም ሲሉት ተመላሽ የለውም እንዴ?» አለና ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የሺመቤት ሳቁ ለእሷ እንደሆነ ገብቷት፣ ፊቷን በማሊያዋ ጠረገች።

ሲራክ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። «ታገሡ። ልጆች ናቸው፤ ያድጋሉ።» ይህን ሲል ለገሃር ላይ ቆሞ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚረጋጋው። ባቡሩ መንገዱን ያውቃል፤ የሚጠብቀው ሰው ማድረግ ያለበት ነገር የለም።

በስምንተኛው ወር፣ አንድ ሰኞ፣ ሦስቱን ልጆች ለልዩ ልምምድ ጠርቷቸው ሁለት ሆነው መጡ።

«ሐረገወይንስ?»

የሺመቤት አቀረቀረች። ሎሚ ናት የመለሰችው። «ሄደች።»

«ወዴት?»

«ቤቷ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ። ሳሏ ስለጠናባት ነው። ዱቄቱ አልተስማማትም።»

«ዛሬ ሰኞ ነው እኮ! ምነው አትነግሩኝም?»

ሎሚ ቀና ብላ አየችው። ድፍረት አልነበረም፤ የተጠየቀችውን መመለሷ ነው። «ቤትዎ የት እንደሆነ አናውቅም» አለች።

ሲራክ ፊሽካውን አፉ ላይ አደረገ፤ ሳይነፋው መልሶ አወረደው። የእሱ ቤት ከፋብሪካው በር አሥር ደቂቃ አይርቅም።

ያም ሆኖ ተስፋው አልሞተም፤ የምርጫው ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሄደ። አቶ ምንውዬለት ይክዳል ብለው ያስጠነቀቁት ብዙ ነበሩ፤ ሰውዬው ግን አልካደም። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ሜዳው ላይ አሰልፎ፣ «ይኸው። ቃል ቃል ነው፤ ምረጥ» አለው።

ልጆቹን የምታሠራቸው ኢፍቱ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ታዳጊዎቹን ታሠለጥናለች፤ ያን ዓመት ደግሞ ለጮራ ዋንጫ አምጥታለች። ለሲራክ ራሷን ነቅንቃ ሰላምታ ሰጥታ ኳሷን እንደያዘች ዳር ቆመች።

ሲራክ አንድ ሰዓት ሙሉ አያቸው። ብርቄ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ኳስ ስትይዝ ሌላው ሁሉ የሚዘገይ የሚመስል። ሰባት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ኢፍቱን ያየ መሰለው። ጠጋ ብሎ ትከሻዋን ነካት።

«ስምሽ ማነው? ድሬዳዋ ብትመጪ ምን ይመስልሻል?»

ልጅቷ እጇን ወደኋላ አጣምራ አሰበች። «የት ነው የማድረው?» አለች።

«ፋብሪካው ክፍል አለው።»

«ሐረግ የነገረችን መጋዘኑ ነው?»

በክፋት አልጠየቀችውም። እንደማንኛውም ልጅ፣ ማወቅ ፈልጋ ነው። ሲራክ አፉን ከፈተ። «ፋብሪካው ያስብበታል» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ መጣ፤ መጣና እዚያው ቀረ። ኢፍቱን ዞሮ ተመለከታት። ኢፍቱ ልታግዘው አልተንቀሳቀሰችም።

«አንቺ ለጊዜው እዚሁ ቆዪ» አላት ብርቄን። ወደ ምንውዬለት ሄዶ ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየው። «ይህን ለከርሞ አሳድርልኝ።»

«ምን ሆነሃል? የምርጫ መብት እኮ ነው፣ እንደ ሽሮ አይቀመጥም!» ብሎ ሳቀ ምንውዬለት።

«ቤቴን ላዘጋጅ።»

ሲወጣ ኢፍቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ አልተባባሉም።

«የሺመቤት እዚህ ሳለች እንዳየኋት፣ አሁንም በቀኝ እጇ ብቻ ነው የምትይዘው?» አለችው።

ሲራክ ለማስታወስ ሞከረ። የልጅቷን እጅ በዓይነ ሕሊናው ፈለገው፤ አላገኘውም። «አላስተዋልኩም» አለ።

«አስተውል እንግዲህ» አለችና ወደ ልጆቹ ተመለሰች።

ድሬ እንደገባ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ለወይዘሮ አሰገደች ሁሉንም ነገራት። አሰገደች ሴት ቀጥተኛ ናት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «አንተ ሰውዬ! የሰው ልጅ አምጥተህ ዓመት ሙሉ ከጆንያ ጋር አሳደርክ? እኔ እዚህ ሞቻለሁ?» አለችው። የዚያኑ ዕለት ወንዶች ልጆቻቸው ወደ ሳሎን ወጡ፤ የሺመቤትና ሎሚ ክፍሉን ወረሱት። አባባ ቦሩ የብረት አልጋዎቹን በጋሪ አስጭነው አመጡ። ጋሪው የሞገስ ነበር፤ ዋጋ አልጠየቀም፣ ቀልድም አልቀለደም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለወሬ የማይመች ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም በየቀኑ አንድ ዓይነት ነበር። ሲራክ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል፣ ፀሐይ ሲሚንቶውን ሳታግለው፣ ልጆቹን ይዞ ሜዳ ላይ ይገኛል። የየሺመቤትን ቀኝ እጅ በነጠላ ጥለት ከወገቧ ጋር አስሮ ሁለት ወር በግራዋ ብቻ አጫወታት። «ወደ መሐል!» የሚለውን ጩኸት ትቶ፣ እንደ ሎሚ ዓይነት ፈጣን እጅ የሚፈልገውን አጨዋወት ራሱ ከመሠረቱ ተማረ። ማታ ትምህርት ቤት አስገባቸው። የሺመቤት ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ አሰገደች ሦስት ቀን ከአጠገቧ አልተነሳችም። ሲራክ ውሃ እያቀረበ፣ ይህችን ልጅ ዋንጫ አስቦ እንዳመጣት ትዝ ሲለው አፈረ። ስለ ዛሬ አምስት ዓመት ማውራት ያቆመው በዚህ ጊዜ ነው ይላሉ የሚያውቁት። አስቦበት አይደለም ያቆመው፤ ጊዜ አጥቶ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ከስምንት ቡድን ስድስተኛ ወጡ። ሜዳው ዳር የሚቆም ሰው ሠላሳ አይሞላም ነበር። ሐምሌ ላይ ሲራክ እንደገና አዲስ አበባ ሄደ፤ ዘንድሮ አሰገደችን አስከትሎ። አሰገደች የብርቄን እናት ቤታቸው ድረስ ሄዳ አነጋገረቻት። የሚበላውን፣ የሚታደርበትን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሁሉንም ነገረቻት። ብርቄ ተመረጠች።

«ሁለተኛዋስ?» አለ ምንውዬለት።

«ሐረገወይን።»

«ማን? ያቺ ያመለጠችህ? እሷ እኮ ዓመት ሙሉ ኳስ አልነካችም! ደግሞ አንድ ጊዜ ሰጥቼህ የለም እንዴ?»

«አንተ ሰጥተኸኛል» አለ ሲራክ። «እኔ ነኝ ያልተቀበልኳት።»

ሐረገወይን ወዲያው እሺ አላለችም። «ለአንድ ወር ልየው» ብላ መጣች፤ አሰገደች ቤት ሁለት ዓመት ቆየች። ጥሩ ተጫዋች ነበረች፤ ትልቅ ተጫዋች ግን አልሆነችም። በኋላ ሐረር የነርስ ትምህርት አግኝታ ሄደች። ሲሸኟት ሲራክ ራሱ ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ ወሰዳት፤ የተሸነፈም የከሰረም አልመሰለውም።

በአራተኛው ዓመት ሻምፒዮናው ድሬዳዋ ላይ ሆነ። ለዋንጫ የደረሱት ዱቄትና ጮራ ናቸው። ጮራ በኢፍቱ ዘመን ሁለት ዋንጫ ወስዷል፤ ለሦስተኛው ነው የመጣው። ከተማው ሁለት ልብ ሆነ። ኢፍቱ ወደ ሜዳ ስትገባ የተጨበጨበላት ጭብጨባ ለባለቤቶቹ ከተጨበጨበው ይበልጥ ነበር። ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ላይ ነጭ ፋሻ አስራለች። ኳሷ የት እንደምትወድቅ ማወቁን ግን አልረሳችውም። እስከ እረፍት ጮራን በዘጠኝ ነጥብ አስመራች።

ከእረፍት በኋላ ሲራክ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አትጋፏት። አሩጧት።» ሎሚና ብርቄ ሜዳውን በሩጫ ፈተሉት። ኢፍቱ ቦታዋ ላይ ስትደርስ ኳሷ ሄዳለች፤ ሲመለሱም ገና ትንፋሿን አልሰበሰበችም። ያም ሆኖ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው እኩል ናቸው። ከጮራ የተወረወረች ኳስ ቦርድ መታች። ኢፍቱ እንደ ልማዷ ቀድማ ቦታው ላይ ነበረች። ዘለለች፤ ነገር ግን ከበላይዋ አንድ ረጅም ግራ እጅ ተዘርግቶ ኳሷን ለቀማት። የሺመቤት ናት። ለሎሚ ሰጠች፣ ሎሚ ለብርቄ፤ ብርቄ አገባች። ዱቄት በሁለት ነጥብ አሸነፈ።

ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ገባ። ሲራክ ግን በሕዝቡ መሐል ሰንጥቆ ኢፍቱ ወደተቀመጠችበት አግዳሚ ሄደ። አጠገቧ ተቀመጠ።

«ግራ እጇን አስተካከልከው» አለችው፣ ፋሻዋን እየፈታች።

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

«አዎ።» ሕዝቡ የሺመቤትን ተሸክሞ ሲዞር ተመለከተች። «ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር ጋሼ። አራት ዓመት የቆረቆረኝ እሱ ነው። ራሴ እሄድ ነበር።»

 «አጥፍቻለሁ» አለ ሲራክ። «የጠየቅኩት ሁሉንም ነው፤ አንቺን ብቻ ነው ያልጠየቅኩት።»

«ልጆቹን አይቻቸዋለሁ» አለች ኢፍቱ። «ደህና ናቸው።» ይቅር አልኩህ አላለችውም። ቂም ይዤብሃለሁም አላለችውም። እጁን ጨብጣ፣ ትንሽ አቆይታ፣ ወደ ቡድኗ ሄደች።

ሜዳው ከቀዘቀዘ በኋላ ክርክሩ ተነሳ። ሰዎች አጥሩ ጥግ ተሰብስበው፣ ያ የኢፍቱ ለውጥ አዋጣ ወይስ አላዋጣም እያሉ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ፣ «ጮራ ሁለት ዋንጫ በልቷል፣ እኛ አንድ፤ ምኑን አዋጣ?» ይላል። ሌላው፣ «ኢፍቱ ለከርሞ ታቆማለች፤ ብርቄ ገና አሥራ ስምንቷ ነው! አሥር ዓመት እንበላለን» ይላል። ሞገስ ደግሞ፣ «አቦ ተዉን! ያቺ መጋዘን ውስጥ ቢተዋቸው ኖሮ ዛሬ ማን ነበር የሚያሸንፈው? ለውጡ አይደለም ያዋጣው» አለ። ሲራክ በመሐላቸው ቆሟል። ሁሉም ሲደክማቸው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉን ወዳዩት ወደ አባባ ቦሩ ዞሩ።

«እርስዎ ይፍረዱ እንጂ፣ አባባ!»

አባባ ቦሩ ሲራክን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ፈገግ ብለው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው እርሻ ነው፤ በሬ ሰጥቶ ጥጃ የወሰደ፣ ማረሻውን ሰቅሎ ሣር ይጨድ» አሉ።